አባይ በረሃን የቆፈረው ውሃው ብቻ ነው?

ተጠራጣሪው ጻፈ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በመኪና የሄደ ሁሉ የማወራው ይገባዋል። ጎሃ ጽዮን ድረስ አገሩ ሜዳ ነው። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሳር ላይ የተበተነ ከብት። ከዚያ መሬቱ ባንዴ ያልቃል። ላይ በጃኬት የጀመርከውን ጉዞ ታች ድልድዩ ጋ በላብ ትቀጥለዋለህ። አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ወርደህ፣ ተጠማዝዘህ፣ ወጥተህ ደጀን ስትገባ ደግሞ ያው ሜዳ፣ ያው ጤፍ።

ጥያቄዬ ቀላል ነው። ይሄን ሁሉ የቆፈረው እውነት ውሃ ነው? በግንቦት ከድልድዩ ላይ ሆነህ ስታየው እኮ ውሃው ያን ያህል አያስፈራም። ከሜዳው ጠርዝ እስከ ወንዙ ግን ወደ 1,400 ሜትር ቁልቁለት ነው። ጓደኛዬ «ጥንት መሬቱ ተሰንጥቆ ነው፤ ውሃው ስንጥቁን አግኝቶ ገባበት እንጂ ውሃ ድንጋይ አይበላም» ይላል። እኔን ደግሞ ከጥልቀቱ በላይ ያስገረመኝ ስፋቱ ነው። ወንዙ ቢሰፋ ቢሰፋ መቶ ሁለት መቶ ሜትር ነው። ገደሉ ግን ከአፍ እስከ አፍ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የቀረውን ማን ቆፈረው?

ደግሞስ ጨርሷል ወይስ አሁንም እየወረደ ነው? የሚያውቅ ካለ ያስረዳን። የፈተና መልስ ሳይሆን የሚገባ ነገር።

ከባድ መኪና ጻፈ፦

ሳይንሱን ለሚያውቁት ልተወው። እኔ የማውቀው መንገዱን ነው። አባይ በረሃ ውስጥ ያለው መንገድ አርፎ አያውቅም። ክረምት በገባ ቁጥር አንዱ ጋ አስፋልቱ ይሸበሸባል፣ ሌላው ጋ ጠርዙ ተቆርሶ ይሄዳል። ጠግነውት በዓመቱ እዚያው ላይ እንደገና ያብጣል። ሁሌ ያው ቦታ ነው። የቆየ ሹፌር ማርሽ የት የት ጋ እንደሚቀንስ ዓይኑን ጨፍኖ ይነግርሃል።

አንድ ነገር ግን ታዝቤአለሁ። ላይ ጥቁር ድንጋዩ ላይ የተሠራው መንገድ ደህና ነው። ዝቅ ብለህ ነጣ ያለ፣ ግራጫማ አፈር የሚታይበት ጋ ስትደርስ ነው ጉዱ። ስለዚህ ገደሉን ማን አሰፋው ለምትለው፣ ተራራው ራሱ እየተናደ ነው እላለሁ። ውሃው ታች ነው ያለው፤ እኛ ላይ የምንነዳበትን መንገድ ከሱ ጋር ምን አገናኘው?

ነገር አዋቂ ጻፈ፦

«ጓደኛዬ» የተባልኩት እኔ ነኝ። እዚህም አመጣኸኝ አይደል?

አቋሜን አልለውጥም። ስምጥ ሸለቆ እንዴት ተፈጠረ? መሬት ተለያይቶ። አፋር ውስጥ ዳባሁ ጋ በ2005 እ.ኤ.አ. ወደ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ቦታ በቀናት ውስጥ ሲሰነጠቅ ዓለም አይቷል። አባይ ከዚያ በምን ይለያል? ውሃ ድንጋይ የሚቆፍር ከሆነ የኛ ሰፈር ወንዝ ስንት ዘመን ሲፈስ ለምን ገደል አልሠራም?

ድንጋይ ቆጣሪ ጻፈች፦

ነገር አዋቂ፣ የዳባሁ ነገር እውነት ነው። አባይ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ልዩነቱም ከመኪና መስኮት ይታያል።

ጎሃ ጽዮን ጠርዝ ላይ ቆም በሉና ማዶውን እዩ። ላይ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ፤ አንዳንድ ቦታ እንደ ተደረደረ ዓምድ ሆኖ ይታያል። ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከዚያ ጂፕሰምና ሸክላማ ድንጋይ የበዛበት፣ ተዳፍቶ የሚወርድ ክፍል ይመጣል። ታች ወንዙ አካባቢ ቀላ ያለ አሸዋ ድንጋይ ነው። አሁን የቆማችሁበትን ወገን ተመልከቱ። ያው ድርድር፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ ከሞላ ጎደል በዚያው ከፍታ። ስምጥ ሸለቆ ላይ እንዲህ አይደለም። እዚያ መሃሉ ወርዷል፤ ጠርዙ ላይ ያየኸው ድንጋይ ታች ወለሉ ሥር ተቀብሯል። አባይ ላይ የሰመጠ ነገር የለም። መሃሉ ተወስዷል፣ በቃ።

ሌላም ምስክር አለ። ጀማን፣ ሙገርን፣ በሽሎን አስቡ። እያንዳንዱ የራሱን ገደል ይዞ ይመጣና አባይን እኩል ከፍታ ላይ ይቀላቀለዋል። አባይ ድንገት የተከፈተ ስንጥቅ ቢሆን ኖሮ ገባሮቹ ጠርዙ ላይ ተንጠልጥለው ቀርተው ሁሉም በፏፏቴ ይወርዱ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጆን ፕሌይፌር ይህን ነገር በ1802 እ.ኤ.አ. ጽፎታል፤ ገባር ከዋናው ወንዝ ጋር እንዲህ ልክ ለልክ የሚገናኘው ሸለቆውን ራሳቸው ወንዞቹ ስለሠሩት ነው ብሎ። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ክርክሩ ግን አላለቀም መሰለኝ 😄

ስንጥቅ ምንም ድርሻ የለውም እያልኩ አይደለም። ውሃ ሰነፍ ነው፣ የተሰነጠቀና የላላ ድንጋይ ካገኘ በዚያ ይሄዳል። አባይ አንዳንድ ቦታ ቀጥ ብሎ፣ አንዳንድ ቦታ ድንገት ታጥፎ የሚሄደው በከፊል በዚህ ነው። ስንጥቁ መንገድ አሳይቶት ይሆናል፤ ቆፋሪው ግን ውሃው ነው።

አሁን ወደ ጋሼ ከባድ መኪና ልምጣ። ያሉት ነገር ግማሹ መልስ ነው። ወንዝ ወደ ታች የሚቆፍረው የራሱን ስፋት ብቻ ነው። ብቻውን ቢተው የሚሠራው እንደ ጠባብ ቦይ ያለ ገደል ነበር። የሚያሰፋው የግድግዳው መናድ ነው። ያ ነጣ ያለ አፈር ያሉት ጂፕሰሙና ሸክላው ነው። ዝናብ ሲጠጣ ይለሰልሳል፣ ይንሸራተታል። እሱ ሲሸሽ ከላዩ የቆመው የኖራ ድንጋይ መደገፊያ ያጣና ይገመሳል። ጥቁር ድንጋዩም በተራው በስንጥቆቹ እየተላቀቀ ይወርዳል። ጃፓኖቹ ከጂኦሎጂካል ሰርቬይ ጋር ሆነው ይሄንኑ የአባይ ሸለቆ መንሸራተት ለይተው አጥንተውታል።

ታዲያ ወንዙን ምን አገናኘው? የተናደውን የሚያነሳው እሱ ነው። ናዳው እግር ሥር ተከምሮ ቢቀር ኖሮ ክምሩ ግድግዳውን ይደግፈውና ነገሩ ከጊዜ በኋላ ይረጋጋ ነበር። ወንዙ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ክምሩን ጠርጎ ይወስዳል። ዝቅ ባለ ቁጥር ደግሞ ግድግዳው ይረዝማል፣ እንደገና ይናዳል። የእርስዎ አስፋልት በየዓመቱ የሚያብጠው የዚህ ሁሉ መሃል ላይ ስለተቀመጠ ነው።

የሰፈርህን ወንዝ በተመለከተ፦ ወንዝ እንዲቆፍር የሚወድቅበት ከፍታ ይፈልጋል። ያ የኖራ ድንጋይ የባሕር ወለል ላይ የተሠራ ነው፤ የባሕር እንስሳት ቅሪት አለበት። ዛሬ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ግድም ላይ ነው። መሬቱ ተነስቷል ማለት ነው። አባይ ከጣና ሲወጣ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ የሱዳን ድንበር ሲደርስ 500 ሜትር ገደማ። ያ ሁሉ ውድቀት ነው ጉልበቱ። ያው አባይ፣ ይበልጥ ውሃ ይዞ፣ ሱዳን ሜዳ ላይ ሲደርስ የሚቆፍረው ገደል የለም። እንዲያውም ደለሉን ያራግፋል።

ተጠራጣሪው ጻፈ፦

ኧረ ተባረኪ! የድርድሩ ነገር አሳምኖኛል። ነገር አዋቂ ዝም ብሏል፤ ዝምታውን እንደ ስምምነት ቆጥሬዋለሁ።

ግን አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ውሃ ለስላሳ ነው፣ ድንጋይ ጠንካራ። እንዴት ነው በተግባር የሚበላው?

ቦይ ቀያሽ ጻፈ፦

የውሃ ሥራ ላይ ነው ያለሁት፣ ይህችን ለእኔ ተዉልኝ።

መጀመሪያ ግንቦት ላይ አይተህ በአባይ አትፍረድ። ከዓመቱ ውሃ አምስት እጅ አራቱ ያህል የሚያልፈው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው። ነሐሴ ላይ እዚያው ድልድይ ላይ ቁም። ቀለሙ ቡና ነው፣ ድምፁ ሌላ ነው። ጠጋ ብለህ ብታዳምጥ ከውሃው ጩኸት ሥር ደንቆር ደንቆር የሚል ነገር ትሰማለህ። ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ነው።

«አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። ግንዱ ቀላሉ ነው። ሱዳን ድንበር ላይ በዓመት ተንሳፍፎ የሚያልፈው ደለል ብቻ ወደ 140 ሚሊዮን ቶን ይገመታል። ወለሉ ላይ እየተንከባለለ የሚሄደው ጠጠርና ቋጥኝ እዚህ ውስጥ የለም። ንጹሕ ውሃ በርግጥ ደካማ ቆፋሪ ነው። ኖራና ጂፕሰም ቀስ ብሎ ያሟሟል እንጂ ጥቁር ድንጋይ ላይ ብዙም አይገፋም። የሚቆፍረው የተሸከመው ነገር ነው።

ማየት ከፈለግህ በበጋ የደረቀ ገባር ወንዝ ውስጥ ግባ። ድንጋዩ ወለል ላይ ክብ ክብ ጉድጓድ ታገኛለህ፣ አንዳንዱ ክንድህን የሚውጥ። ከውስጡ እጅህን ብትሰድ የተድበለበለ ድንጋይ ታወጣለህ። ክረምት ላይ ውሃው እዚያች ጋ ሲሽከረከር ያንን ድንጋይ አብሮ ያሽከረክረዋል። የእናቶቻችን ወፍጮና መጅ ማለት ነው፤ መጁም ያልቃል፣ ወፍጮውም ይጎደጉዳል። መጁ ሲያልቅ ጎርፉ ሌላ ያመጣለታል። ጉድጓዶቹ እየሰፉ ሲሄዱ ይገናኛሉ። በመሃላቸው ያለው ግድግዳ ይፈርሳል፣ ወለሉ ዝቅ ይላል።

ሌላው መንገድ ነቅሎ መውሰድ ነው። ጥቁር ድንጋይ ከጥንቱ ሲቀዘቅዝ የተሰነጣጠቀ ነው። ጎርፉ ስንጥቁ ውስጥ ጠጠር ይሰገስጋል፣ ይመታዋል፣ ያላላዋል። አንድ ቀን ሙሉ ቋጥኙን አንስቶ ይሄዳል። ጠንካራ ድንጋይ ላይ ብዙ ጊዜ ከመፋቁ ይልቅ ይሄኛው ነው የሚፈጥነው።

አንድ ሰው የማይጠብቀው ነገር ልጨምር። ጠጠር ሲበዛ መቆፈሩ ይቆማል። ወለሉን ይሸፍነዋላ። በጣም ካነሰ መሣሪያ የለውም፣ በጣም ከበዛ ድንጋዩን ከለላ ሆኖ ያስጥለዋል። ስለዚህ ወንዙ ዓመቱን ሙሉ አይቆፍርም። የጠጠሩን ሽፋን ማንቀሳቀስ የሚችል ከባድ ጎርፍ እስኪመጣ ይጠብቃል። እውነተኛው ቁፋሮ በዓመት ውስጥ በጥቂት ቀናት የሚያልቅ ሥራ ነው።

አወያይ ጻፈ፦

ከዚህ በታች የነበሩ በርካታ አስተያየቶችን አንስቻለሁ። ርእሱ ወንዝ እንዴት ይቆፍራል ነው። ስለ ግድቡ ለመጣላት ሌላ ክር አለ፣ እዚያ ሂዱ።

የጮቄ ልጅ ጻፈ፦

ሁሉም ደጀን ደጀን ይላል። ይሄን ነገር ገና ሲጀመር ማየት የሚፈልግ ጢስ አባይ ይሂድ።

ፏፏቴውን ሁሉም ያውቃል፣ ወደ 45 ሜትር ይጠጋል። ከሱ በታች የሚሆነውን ግን ቱሪስቱ ፎቶ አንስቶ ስለሚመለስ አያየውም። ትንሽ ወረድ ብሎ የአላታ ድልድይ አለ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራው። ድልድዩ አጭር ነው። ለምን አጭር ሆነ? ያ ሁሉ ውሃ እዚያ ጋ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ በተቆረጠች ጠባብ ሰርጥ ተጨምቆ ነው የሚያልፈው። ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው። ደጀን ላይ የምታዩት ሰፊ አፍ የለም፣ መናድም ገና አልጀመረም ማለት ይቻላል።

ምክንያቱ ድንጋዩ ልጅ ስለሆነ ነው። ከባሕር ዳር በታች የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወንዙን ዘግቶታል። ጊዜው ወደ 30,000 ዓመት ገደማ ነው፤ ለድንጋይ ትናንት ማለት ነው። አባይ እዚያ ጋ ሥራውን ከመጀመሪያው እየሠራ ነው።

ፏፏቴ ደግሞ ባለበት አይቀመጥም። ውሃው ሲወድቅ ሥሩን ይቦረቡራል። ከላይ ያለው ከንፈር መደገፊያ ሲያጣ ተገምሶ ይወድቃል። ፏፏቴው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ወደ ጣና አቅጣጫ። ከበታቹ የሚቀረው ያች ጠባብ ሰርጥ ናት። ትላልቆቹም ገደሎች አብዛኛው ቁፋሯቸው የሚሄደው እንዲህ ነው፦ ወለሉ ሁሉ እኩል እየወረደ ሳይሆን፣ ደረጃ እየተሠራ ደረጃው ወደ ላይ እየተጓዘ።

በነገራችን ላይ ጣና ለአባይ የሚሰጠው ውሃ ሱዳን ድንበር ከሚደርሰው አስር እጅ አንድ እንኳ አይሞላም። የቀረው የገባሮቹ ነው። ውሃውም ከሐይቅ ስለሚወጣ ደለሉን እዚያው ትቶ ነው የሚመጣው። ቦይ ቀያሽ እንዳልከው መሣሪያ የለውም። አባይ ቆፋሪ የሚሆነው ወረድ ብሎ እነ በሽሎና ጀማ ድንጋያቸውን ሲያመጡለት ነው።

በበጋ ለምትሄዱ፦ ውሃው ለኤሌክትሪክ ስለሚጠለፍ ፏፏቴው ቀጭን ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ይሻላል።

በረሃ ለበረሃ ጻፈ፦

እኔ የምኖረው አሪዞና ነው። እዚህ ሰው ግራንድ ካንየንን አይቶ እንባ ያወጣል። እኔም ስደርስ መጀመሪያ ያልኩት «አባይ በረሃ ነዋ!» ነው። ጥልቀቱ ከሞላ ጎደል ይቀራረባል፣ እዚህ ከፍ ያለው ቦታ ወደ 1,800 ሜትር ይደርሳል። ድንጋዩም ድርድር ነው፣ ኖራ፣ አሸዋ ድንጋይ፣ ሸክላ። ጠንካራው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ለስላሳው ይዳፋል።

ልዩነቱ ዝናቡ ነው። እዚህ ደረቅ ስለሆነ ጠርዙ ሹል ሆኖ ይቀራል፣ ደረጃ ደረጃው ከሩቅ ይነበባል። የእኛው ላይ ክረምቱ ግድግዳውን ያለሰልሰዋል፣ ቁጥቋጦ ይሸፍነዋል። እዚህ ጠርዙ ላይ አጥር፣ መመልከቻ ሰገነትና የሚያስረዳ ጠባቂ አለ። እኛ ጋ የቆመ ሲኖትራክ። «አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ብዬ ለባልደረቦቼ ተርጉሜላቸው አልገባቸውም።

ከባድ መኪና ጻፈ፦

ሲኖትራክን ተዋት ወንድሜ፣ እሷም ኑሮ ላይ ናት 😂

ተማሪ ነኝ ጻፈ፦

ድንጋይ ቆጣሪ፣ እህቴ፣ ዕድሜው ላይ ግራ ገብቶኛል። አንዱ ቦታ 29 ሚሊዮን ዓመት ይላል፣ ሌላው 6 ሚሊዮን። የቱን ልያዝ?

ድንጋይ ቆጣሪ ጻፈች፦

ሁለቱም ቁጥር ትክክለኛ ቦታ አለው፤ የሚናገሩት ግን ስለ አንድ ነገር አይደለም።

ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፣ አብዛኛውም በአጭር ጊዜ። ወንዙ ይሄን ድንጋይ ቆርጦ ስለሚያልፍ ዛሬ የምናየው ገደል ከዚያ ሊቀድም አይችልም። በ2003 እ.ኤ.አ. ራፋኤል ፒክና ባልደረቦቹ በድንጋይ ውስጥ የታሰረ ሂሊየምን ለክተው፣ ቁፋሮው ከ25 እስከ 29 ሚሊዮን ዓመት በፊት መጀመሩን አሳዩ። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ድንጋይ ጥልቅ ሆኖ ሲሞቅ ሂሊየሙ ያመልጣል። ከላዩ ያለው ተቆርጦ ሲሄድና ሲቀዘቅዝ ይታሰርበትና ከዚያ ወዲህ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ስለዚህ ሰዓት ይሆናል።

በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ ናሂድ ጋኒና ባልደረቦቿ ፍጥነቱን አጠኑ። መጀመሩን አይክዱም። ግን ቁፋሮው ሁሌ እኩል አልሄደም፤ ከ10 ሚሊዮንና ከ6 ሚሊዮን ዓመት ግድም ወዲህ ፈጥኗል፣ ምክንያቱም ደጋው እንደገና ስለተነሳ ነው አሉ። 6 ሚሊዮን የምትለዋ ቁጥር የመጣችው ከዚህ ነው። ከደጋው ተቆርጦ የሄደውን ድንጋይም ገምተዋል፤ ቢያንስ 93,200 ኪሎ ሜትር ኩብ። ሕዳሴ ግድብ ጢም ሲል 74 ኪሎ ሜትር ኩብ ውሃ ነው የሚይዘው። ግድቡን ከ1,250 ጊዜ በላይ ይሞላል ማለት ነው፣ በድንጋይ። ያ ሁሉ ዛሬ ሱዳንና ግብፅ ሜዳ ላይ፣ የቀረውም ሜዲትራኒያን ወለል ላይ ነው።

እንዲያው ለስሜቱ 1,500 ሜትርን ለ29 ሚሊዮን አካፍሉት። በአማካይ በሺህ ዓመት አምስት ሳንቲሜትር። ከላሊበላ ዘመን እስከ ዛሬ አራት ሳንቲሜትር ገደማ ማለት ነው። ተጠራጣሪው «አሁንም እየወረደ ነው?» ብሎ ነበር። አዎ፣ ግን ደጀን ቁጭ ብለህ አታየውም።

እኔን የሚስበኝ ግን «ለምን አላቆመም» የሚለው ነው። ወንዝ ሲቆፍር ተዳፋቱ እየቀነሰ፣ ጉልበቱም እየደከመ ነው የሚሄደው። አባይ አልደከመም፤ ከሥር መሬቱ መነሳቱን ስላላቆመ። ከኢትዮጵያ ሥር ጥልቀት ላይ ያለ ትኩስ ነገር ደጋውን ይገፋዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. ክላውዲዮ ፋቼናና ባልደረቦቹ እንዳሉት፣ ያው እንቅስቃሴ በደቡብ ኢትዮጵያን ከፍ፣ በሰሜን የሜዲትራኒያንን ወገን ዝቅ አድርጎ ስለያዘው ነው ዓባይ (ናይል) 30 ሚሊዮን ዓመት ወደ ሰሜን መፍሰሱን ያልተወው። ቁፋሮው ራሱም ያግዛል፦ ያ ሁሉ ድንጋይ ሲነሳ መሬቱ ሸክሙ ይቀልለታል፣ ትንሽ ይነሳል፣ ወንዙም እንደገና የሚቆፍረው ያገኛል።

ነገር አዋቂ ጻፈ፦

ዝም ያልኩት እያነበብኩ ነው እንጂ ተረትቼ አይደለም።

አንድ ጥያቄ ልወርውር። ሜዲትራኒያን ድሮ ደርቆ ነበር ይባላል። ባሕሩ ከወረደ ወንዙም ተከትሎት መውረድ አለበት። ታዲያ አባይ በረሃን የቆፈረው ያ ቢሆንስ? 6 ሚሊዮን ዓመቱ እኮ ይገጥማል።

ድንጋይ ቆጣሪ ጻፈች፦

ጎበዝ! ይሄ ከስንጥቁ በጣም የተሻለ ጥያቄ ነው።

ባሕሩ እውነት ወርዷል። ከ5.97 እስከ 5.33 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ሜዲትራኒያን ከአትላንቲክ ተቆርጦ አብዛኛው ውሃው ተንኖ ጠፋ። ወንዝ መድረሻው ዝቅ ካለበት ይቆፍራል፤ ዓባይም ቆፈረ። ካይሮ ሥር ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ጥልቅ ገደል ተቀብሮ አለ። አስዋን ግድብ ሲሠራ ሶቭየታዊው ጂኦሎጂስት ቹማኮቭ የቁፋሮ ናሙናውን ሲያይ፣ ከባሕር ዳርቻ ያን ያህል ርቆ፣ ከወንዙ ሥር ጠባብ ጥልቅ ሸለቆ በባሕር ደለል ተሞልቶ አገኘ። ባሕሩ ሲመለስ ገደሉ ውስጥ ገብቶ ሞላው፣ በኋላ ደለል ቀበረው። ዛሬ ላዩ ላይ የግብፅ ሰው ያርሳል።

ግን ያ ቁፋሮ ደጀን ደርሷል ወይ? እኔን አያሳምነኝም። የጮቄ ልጅ ያለውን አስታውስ፣ ቁፋሮ ከታች ወደ ላይ በደረጃ ነው የሚጓዘው። ከአስዋን እስከ ካርቱም ስድስቱ ካታራክቶች አሉ፣ ወንዙ ጠንካራ ድንጋይ ላይ እየተንገጫገጨ የሚያልፍባቸው። ያ የቁፋሮ ደረጃ አልፏቸው ቢሄድ ኖሮ እነሱ እዚያ አይቀመጡም ነበር። ካይሮ የተቆፈረው ባሕሩ ስለወረደ ነው፤ የእኛው የተቆፈረው መሬቱ ስለተነሳ። በጊዜ መቀራረባቸው ሰው ያሳስታል።

ዲኤው ጻፈ፦

ቆይቼ ነው ያየሁት። ጎጃም ውስጥ የግብርና ልማት ሠራተኛ ነኝ። እናንተ ስለ ሚሊዮን ዓመት ታወራላችሁ፣ እኛ ጋ ይሄው ነገር በአንድ ክረምት ይታያል።

ዋልካ መሬት ላይ ቦረቦር ሲጀምር እዩት። መጀመሪያ የከብት መሄጃ ወይም የመንገድ ቱቦ ውሃ የሚያፈስበት ትንሽ ቦይ ነው። አንድ ቀን ከባድ ዝናብ ይመጣና ቦዩ ጫፍ ላይ ጉልበት የምታህል ደረጃ ይሠራል። ውሃው ከደረጃዋ ሲወድቅ ሥሯን ያጥባል። ላይዋ ተገምሶ ይወድቃል፣ ደረጃዋ ወደ ማሳው ትገባለች። ጢስ አባይ ማለት ነው፣ በአፈር። መስከረም ላይ ገበሬው ሲመጣ የጤፍ ማሳው ለሁለት ተከፍሎ፣ ሰው የሚውጥ ጉድጓድ መሃሉ ላይ ተኝቶ ያገኘዋል። ከዚያ ጎኑ መናድ ይጀምራል፣ ይሰፋል። ልክ እህታችን ስለ ደጀን እንዳለችው።

አባይ ቡና የሚመስለው ከእነዚህ ቦረቦሮችና ከየማሳው በሚታጠበው አፈር ነው። ሱዳን የሮዛሪስን ግድብ የሠራችው በ1966 እ.ኤ.አ. ነው። ደለል ይዞታውን እየበላባት ኖሮ ከፍ አድርጋ የጨረሰችው በ2013 እ.ኤ.አ. መግቢያ ግድም ነው።

የሰላሌው ጻፈ፦

ዲኤው ወንድሜ፣ ከቤታችን ጓሮ እንዲህ ያለ ቦረቦር አለ። አባቴ ድንጋይ ሞላበት፣ ክረምቱ ድንጋዩን በጎን አልፎ ጭራሽ አሰፋው። ምን እናድርግ?

ዲኤው ጻፈ፦

ድንጋይ መሙላት ብቻውን አይሠራም። ውሃው ያገኘው ክምር ነው፣ ስለዚህ ዞሮት ሄደ።

መጀመሪያ ወደ ቦረቦሩ ራስ የሚመጣውን ውሃ አስቀይስ። ከላይ ባለው ተዳፋት እርከን ይሠራ፤ ብቻህን አትችልም፣ ከላይ ካሉት ጎረቤቶች ጋር ተነጋገሩ። ከዚያ ቦረቦሩ ውስጥ ክትር፣ ማለትም ውሃውን የሚገታ ትንሽ የድንጋይ ግድብ፣ ሥራ። የክትሩን ሁለት ጫፍ ወደ ግድግዳው ቆፍረህ አስገባው፣ ቢያንስ ግማሽ ሜትር፤ ያባትህ የጎደለው ይሄ ነው። መሃሉን ከጫፎቹ ዝቅ አድርገው፣ ውሃው በመሃል እንዲያልፍ። ውሃው ተርፎ የሚወድቅበት ቦታ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፍ፣ አለዚያ የክትሩን ሥር ያጥበዋል።

ርቀቱን እንዲህ አስላ፦ የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል ከፍታ ይሁን። ያኔ በሁለቱ መሃል ተዳፋት አይኖርም፣ ውሃው የሚቆፍርበት ጉልበት ያጣል፣ ደለሉን እዚያው ያራግፋል። ደለሉ ሲሞላ ዝሆን ሳር ወይም ቬቲቨር ትከልበት። ከብት እንዳይገባበት ግን እጠሩ፤ አንድ ዓመት ከብት ከረገጠው ድካማችሁ ሁሉ ገደል ገባ።

ጥልቀቱ ከቁመትህ በላይ ከሆነ ደረቅ ድንጋይ አይችለውም፣ ጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ቅርጫት፣ ያስፈልጋል። ሽቦው በየወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አንዳንዴ ይገኛል፣ ጠይቁ። ሥራውን ከጥር እስከ ሚያዝያ ጨርሱት። ስፋቱንና ጥልቀቱን በሜትር ለክተህ እዚህ ጻፍልኝ፣ ስንት ክትር እንደሚበቃህ እናሰላዋለን።

የሰላሌው ጻፈ፦

ጥልቀቱ ሁለት ሜትር ተኩል፣ ስፋቱ አራት፣ ርዝመቱ ስድሳ ይሆናል። ተዳፋቱን በምን ልለካ?

ቦይ ቀያሽ ጻፈ፦

ግልጽ የሆነ የውሃ ቱቦ፣ አሥር ሜትር ያህል፣ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ግዛ። ውሃ ሙላበት፣ አየር አታስቀርበት። አንዱን ጫፍ የቦረቦሩ ራስ ጋ አንተ ያዝ፣ ሌላውን ወረድ ብሎ አባትህ ይያዙ። በሁለቱም ጫፍ ውሃው እኩል ነው የሚቆመው። በየጫፉ ከውሃው እስከ መሬት ለኩ፣ ልዩነቱ ውድቀቱ ነው። እንዲህ እያላችሁ እስከ ታች ውረዱና ደምሩት።